«ይሰጥሻል» ማጽናኛ አይደለም

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በቦንጋ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራራ፣ ካገባች ሦስት አራት ዓመት አልፏት ያልወለደች ሴት አቦሉ ሳይቀዳ የሚጠብቃትን ታውቃለች። አንዷ ሆዷን በዓይኗ ትለካለች፤ ሌላዋ «ምነው እስካሁን?» ትላለች፤ ቶናው ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለወለደች አንዲት ዘመድ ይወራል፤ በረካው ላይ ምርቃቱ ይመጣል፦ «አይዞሽ፣ እሱ ይሰጥሻል።» እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም የሚጠብቃት ይኸው ቃል ነው። በኦርቶዶክሱ ዘንድ መስቀል ስትሳለም፣ በወንጌላውያኑ ዘንድ እጅ ሲጫንባትና ትንቢት ሲነገርላት፣ «ይሰጥሻል» ትባላለች። ቃሉ በክፋት አይነገርም። የሚናገሩት ይወዷታል፤ ብዙዎቹም ከልባቸው ይጾሙላታል። እኔ ግን ይህ ቃል፣ ከጀርባው ካለው አስተሳሰብ ጋር፣ ክርስቲያናዊ ድጋፍ አይደለም እላለሁ። እንዲያውም የድጋፍን ወንበር ይዞ እውነተኛው ድጋፍ እንዳይቀመጥ ያደርጋል።

የሰፈነውን አስተሳሰብ ሳላጣምም ላስቀምጠው። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ማኅፀን የሚከፍትም የሚዘጋም እሱ ነው፤ ስለዚህ መውለድ ያቃታቸው ባልና ሚስት በፈተና ላይ ናቸው፤ የምእመኑ ድርሻ መጸለይ፣ መሳል፣ ተስፋ መስጠትና ቀኑን መጠበቅ ነው፤ ፅንስ ቢጨነግፍ ወይም ልጅ ሞቶ ቢወለድ ደግሞ ገና አልተሰጠም ማለት ነውና ብዙ አይለቀስበትም። የዚህ አስተሳሰብ መነሻ እውነት ነው፤ ልጅ ስጦታ መሆኑን የሚክድ ክርስቲያን የለም። ጥፋቱ የሚጀምረው ስጦታውን እኛ ቃል ስንገባበት ነው። ስጦታ በሰጪው ፈቃድ ነው፤ ቢሰጥ ይመሰገናል፣ ባይሰጥ ተቀባዩ አይጠየቅም። «ይሰጥሻል» ከተባለ በኋላ ግን ላልመጣው ልጅ ምክንያት ይፈለግለታል። እግዚአብሔርን የሚከስ የለም፤ ቃሉን የተናገሩት አባት ወይም ነቢይ «ተሳስቼ ነበር» አይሉም፤ ባልም አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። የምትቀረው ሴቲቱ ናት። እምነቷ ይመረመራል፣ የድሮ ኃጢአቷ ይበረበራል፣ ከጋብቻ በፊት የነበራት ሕይወት ይነሣል። ሌሎች ያለ ዋጋ የሰጧትን ተስፋ እሷ እንደ ዕዳ ትከፍለዋለች።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ነው የሚል ካለ ቁጥሩን ይመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መሠረት ከጎልማሳው የዓለም ሕዝብ 17.5 በመቶው፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። መካንነት ሲባልም ፈጽሞ አለመውለድ ማለት አይደለም፤ ያለ መከላከያ አብረው እየኖሩ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጸነስ መቅረቱ ነው። መጠኑ በሀብታም አገሮች 17.8፣ በመካከለኛና በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 16.5 በመቶ ነው። ይህ መቀራረብ ብዙ ይናገራል። አለመውለድ የእምነት ጉድለት ወይም የተደበቀ ኃጢአት ፍሬ ቢሆን ኖሮ በአማኙና በማያምነው፣ በሀብታሙና በድሃው አገር እንዲህ ተካክሎ ባልተገኘ ነበር። በዚህ ስሌት 300 ጎልማሶች ባሉት አንድ አጥቢያ 50 ያህሉ ይህን መንገድ ያለፉበት፣ ያሉበት ወይም የሚገቡበት ናቸው። የፅንስ መጨንገፍም ጥቂት አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ተከታታይ ጥናት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 23 ሚሊዮን ያህል ፅንስ ይጨነግፋል፤ ከታወቀ እርግዝና ውስጥ 15 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። የ2008 ዓ.ም. የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኦሮሚያ አንዲት ሴት በአማካይ 5.4 ልጅ እንደምትወልድ አሳይቷል። አምስት ጊዜ ያረገዘች ሴት በየእርግዝናው 15 በመቶ ዕድል ቢኖርባት፣ ቢያንስ አንዱን የማጣቷ ግምት ከግማሽ ያልፋል። እሑድ ከፊታችን ነጠላ ተከናንበው ከሚቆሙት እናቶች ስንቶቹ ማንም ያልቆጠረው ልጅ እንዳላቸው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ይህን ያህል ቤት የሚያንኳኳ ነገር ሸክሙ በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ብቻ ወድቋል። በሕክምናው ዓለም እንደሚታወቀው መጸነስ ካልተቻለባቸው ትዳሮች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። እስቲ ጠበል የምትጠመቀው ማን ናት? ለጸሎት ወደ ፊት የምትጠራው ማን ናት? «መካን» የሚለው ስም የሚለጠፈው በማን ላይ ነው? ወንድ ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ የያዘው ጆሮ ደግፍ የዘር ፍሬውን ሊጎዳ ይችላል፤ ያልታከመ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የሴቷን የማኅፀን ቱቦ እንደሚዘጋ ሁሉ የወንዱንም የዘር መተላለፊያ ይዘጋል። የወንዱን ዘር መመርመር ደግሞ ከሴቷ ምርመራ ሁሉ የቀለለ ነው፤ ጥቂት ቀን ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ይበቃል። ሆኖም ሚስቱን አምስት ዓመት ከገዳም ገዳም ሲያንከራትት ለዚህ አንድ ቀን ያልሄደ ባል ብዙ ነው፤ ሂድ ያለው የንስሐ አባት ወይም ፓስተርም ጥቂት ነው። ሴቲቱ በአንጻሩ ባልሠራችው ትከሰሳለች። ከጋብቻ በፊት ወይም በኋላ የወሊድ መከላከያ መርፌ ተወግታ ከነበረ «ማኅፀኗን ያቃጠለችው ራሷ ናት» ይባላል። መርፌው ከቆመ በኋላ መጸነስ ለወራት ሊዘገይ ይችላል፤ ለዘለቄታው ግን አያመክንም። ይህን አንድ እውነት የጋብቻ ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል የሚናገር አገልጋይ ቢኖር ስንት ክስ ከመነሻው በከሸፈ ነበር።

«ግን ስንቱ ተጸልዮለት ወልዷል!» የሚል ይመጣል፤ እውነቱን ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ልጅ ታቅፎ ስለቱን ሊያስገባ የመጣ ወላጅን ደስታ ሊያጣጥል አይችልም፤ እኔም አላጣጥልም። በወንጌላውያኑ ጉባኤም በምስክርነት ሰዓት ሕፃኗን ታቅፋ የምትቆም እናት አለች። የእኔ ጥያቄ ስለማይታዩት ነው። ስለቱ የደረሰለት ጃንጥላ ይዞ ይመለሳል፤ ያልደረሰለት ምን ይዞ ይመለስ? መድረክ ላይ ወጥቶ «ዐሥራ አምስት ዓመት ጸለይን፣ አልወለድንም፣ እግዚአብሔርንም አልተውንም» እንዲል የሚጋበዝ ባልና ሚስት የት አለ? መድረካችን የሚያሳየን ያገኙትን ብቻ ስለሆነ ያላገኙት ጥቂትና ጥፋተኛ ይመስሉናል። ሐኪሞች የሚያውቁት ሌላም ነገር አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት ካልጸነሱት ግማሽ ያህሉ ያለ ምንም ሕክምና በሁለተኛው ዓመት ይጸንሳሉ። እግዚአብሔር በዚህ ውስጥ የለም ማለቴ አይደለም፤ አማኝ ስለዚህም ያመሰግናል። ነገር ግን በሁለተኛው ዓመት የወለደችውን «እምነቷ አደረሳት»፣ ያልወለደችውን «እምነቷ ጎደለ» የሚል ሚዛን ሐሰተኛ ሚዛን ነው፤ ሐሰተኛ ሚዛን ደግሞ በመጽሐፍ የተጠላ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጽሐፍ ይነሣል፤ ጠንካራውም እሱ ነው። ሣራ፣ ርብቃ፣ ራሔል፣ የሳሙኤል እናት ሐና፣ ኤልሳቤጥ፤ በትውፊታችንም ግንቦት 1 ልደታ ስናከብር የምናስባቸው ኢያቄምና ሐና፤ በገድሉ ደግሞ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ፤ ሁሉም ቆይተው ወልደዋል። ታዲያ «ይሰጥሻል» ማለት ምኑ ነውር ነው? ታሪኮቹን እስቲ ከልጁ መወለድ በፊት ባለው ገጽ እናንብባቸው። ሐና በመቅደስ ደጅ በልቧ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። በዚያ ታሪክ ውስጥ የተሳሳተው የሃይማኖቱ አገልጋይ ነው፤ የሐዘኗን መልክ ማንበብ አልቻለም። ወንጌላዊው ሉቃስም ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ልጅ እንዳልነበራቸው ከመናገሩ በፊት ሁለቱም ጻድቃንና ነቀፋ የሌለባቸው እንደነበሩ ይናገራል። ይህን ያስቀደመው ሰዉ ሌላ ያስብ ስለነበረ ነው፤ ኤልሳቤጥ ራሷ በሰው መካከል ስለነበረባት ነቀፌታ ትናገራለችና። እነዚህ ታሪኮች ለመካኗ ሴት የተሰጡ የልጅ ውል አይደሉም፤ በዙሪያዋ በሚጠረጥሯት ላይ የተጻፉ ምስክሮች ናቸው። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን ኃጢአት እንደሠራ ሲጠይቁ ጌታ የሰጠው መልስም ለእኛ ጥያቄ የሚበቃ ነው፤ እሱም አልበደለም፣ ወላጆቹም።

ከዚህ በላይ ደግሞ አለ። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 56 ፈጽሞ ወደማይወልድ ሰው፣ ወደ ጃንደረባው፣ ዞሮ ይናገራል። «አንድ ቀን ትወልዳለህ» አይለውም። ደረቅ ዛፍ ነኝ እንዳይል ይከለክለዋል፤ በእግዚአብሔርም ቤት ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም ይሰጠዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ይህንኑ ነቢይ ያነብ የነበረው ሰው የእኛው ነው፤ የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ። ቃሉን የሹመት መጠሪያ ነው የሚሉ መተርጕማን መኖራቸውን አውቃለሁ። ቃሉን እንደ ቃሉ ከወሰድነው ግን ከኢትዮጵያ ሰዎች መካከል ሲጠመቅ በመጽሐፍ የተጻፈልን የመጀመሪያው ሰው ልጅ የማይወልድ ሰው ነበር፤ ፊልጶስም ልጅ ቃል አልገባለትም፤ አጠመቀው እንጂ። ሰውየው ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። በዚህ ሰው ስም የምትኮራ አገር ያልወለዱትን ጎዶሎ አድርጋ ማየቷ ራሷን መርሳቷ ነው።

አሁን ወደ ጠፋው ልጅ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዝምታችን ከቃላችን ይብሳል። ልጅ በሰላም ሲወለድ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። እልል ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እየተባለ ይገባል ይወጣል፣ አባት መጥተው ቤቱን ጠበል ይረጫሉ። ልጁ ሞቶ ሲወለድስ? ብዙ ጊዜ እናቲቱ ገና ከአልጋ ሳትነሣ ከቤተሰቡ አንድ ወንድ በጨርቅ የተጠቀለለውን ተቀብሎ ይሄዳል። በገጠሩ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ይቀበራል። ፊቱን ያላየች እናት ብዙ ናት፤ እንዳታይ የሚደረገውም ለእሷ ታስቦ ነው። ቤት ስትገባ የሕፃኑ ልብስ ተሰብስቧል። ገንፎ የለም። የሚመጣ ሰው ቢኖር «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል» ብሎ ፈጥኖ ይወጣል። ሦስተኛው ቀን ላይ ጡቷ ወተት ይሞላል። ሰውነቷ ልጅ መሞቱን አያውቅም፤ ይደማል፣ ይራባል፣ ያጋታል። በሁሉም ነገር አራስ ናት፤ የጎደለው ሕፃኑ ብቻ ነው። እኛ ግን ሕፃኑ ስለሌለ አራስነቷንም ሰረዝነው። ኀዘንተኛም አላልናት፤ «እግዜር ያጥናሽ» የሚላት የለም፣ ለቅሶ የሚደርስ የለም። ለወለደች የሚደረገውም ለሞተባት የሚደረገውም ቀርቶባት በሁለቱ መካከል ብቻዋን ተቀመጠች።

ይህን ዝምታ የሚደግፉ ዳዊትን ይጠቅሳሉ። ከቤርሳቤህ የተወለደው ሕፃን ሲሞት ዳዊት ተነሥቶ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ በላ፤ ስለዚህ ኀዘኑን መቁረጥ ተገቢ ነው ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት ያለውን ሰባት ቀን ይዘሉታል። ዳዊት ሰባት ቀን በምድር ላይ ተኝቶ አልበላም፤ ሽማግሌዎቹ ሊያነሡት ሲሞክሩም እምቢ አለ። ሕፃኑ የሞተው በሰባተኛው ቀን ነው፤ በመጽሐፉም ስሙ ሳይጻፍ። ሆኖም ዳዊት አንድ ቀን ወደ እሱ እንደሚሄድ ተናገረ። ስም ያልተጻፈለት ሕፃን ለንጉሡ ሰው ነበረ፤ የሚሄድበት ልጅ። የራሔልንም ነገር ኤርምያስ ሲጽፍ፣ ማቴዎስም ሲደግመው፣ ስለ ልጆቿ መጽናናትን እንቢ ማለቷን ነው የነገሩን፤ ማንም አልገሠጻትም። የኢዮብ ወዳጆች ደግሞ ጥሩ የሠሩት ሰባት ቀን ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ የተቀመጡ ጊዜ ነው። የተበላሸው አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው።

«ሥርዓቱ አይፈቅድም» የሚለውን ተቃውሞ አቃልዬ አላልፈውም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ ሳይጠመቅ ለሞተ ሕፃን ፍትሐት እንደ ተጠመቀ ክርስቲያን እንደማይደርስለት የታወቀ ነው። ቀኖናው ይቀየር አላልሁም፤ ያ የሊቃውንት ጉባኤ ሥራ ነው። ፍትሐት የለም ማለት ግን ካህን አይምጣ ማለት አይደለም። አራሷ በእነዚያ ቀናት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ሥርዓቱ እሷን ከደጅ ካስቆያት አገልጋዩ ወደ እሷ መሄድ ይገባዋል። አራስ ቤት ጠበል የሚረጩት አባት ባዶ ወደሆነው ቤትም መጥተው ቢጸልዩላት የሚጣስ ቀኖና የለም። ወንጌላውያኑ ደግሞ ይህ ሁሉ ሕግ ሳይኖርባቸው ዝም የሚሉት ለምንድን ነው? ልጅ ተወልዶ ሲቀርብ ለባርኮት የሚቆሙ መጋቢዎች ልጁ በጠፋ ሳምንት ቤቷ ሄደው መቀመጥ ለምን ያቅታቸዋል? መልሱ የሥርዓት እጥረት አይመስለኝም። «ይሰጥሻል» ብለው ነበርና የሚሉት ስለጠፋባቸው ነው።

ዝምታው ነፍስም ያጠፋል። ሾተላይ የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ትወልዳለች፤ ሁለተኛው በሆድ ይሞታል፣ ወይም ተወልዶ ቢጫ ሆኖ ይሞታል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። «ሾተላይ ያዛት» ይባላል፣ ክፉ መንፈስ ይከሰሳል፣ ማባረሪያ ይፈለጋል። ከብዙው የሾተላይ ታሪክ ጀርባ ያለው የእናትና የልጅ ደም አለመጣጣም ነው። የእናቲቱ ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ልጅ ደም ወደ እናቱ ሲቀላቀል ሰውነቷ እንደ ጠላት ቆጥሮ መከላከያ ያመርታል፤ ያ መከላከያ የሚቀጥለውን ልጅ ደም ያጠቃል። የደም ዓይነቷን አስቀድሞ ማወቅና፣ ከወለደች ወይም ፅንሱ ከጨነገፈ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ-ዲ የሚባለውን መርፌ መውሰድ አደጋውን በእጅጉ ይከላከላል። እዚህ ላይ ዝምታው ምን እንደሚሠራ ልብ በሉ። የመጀመሪያው ፅንስ ጨንግፎ «ምንም አይደለም፣ ሌላ ይሰጥሻል» ተብላ ቤቷ የቀረችው ሴት እነዚያ 72 ሰዓታት ያልፉባታል። ቂጥኝም እንዲሁ ነው፤ በአንድ የደም ጠብታ ይታወቃል፣ በፔኒሲሊን ይድናል፣ ካልታከመ ግን ልጅን በሆድ ይገድላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግልገል ጊቤ ግድብ አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ላይ እንደሚበዛ ያሳዩት ወባም ለነፍሰ ጡር የፅንስ ጠላት ነው። ይህ ሁሉ «ጊዜው አልደረሰም» በሚል ሽፋን ሥር ይቀበራል። በሌላ በኩል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚጨነግፉት ግማሽ ያህሉ ፅንሱ ሲጀመር ጀምሮ በነበረ የዘረ መል ስሕተት ነው፤ እንስራ ስለተሸከመች፣ ቡና ስለለቀመች ወይም ዓይነ ጥላ ስላለባት አይደለም። ይህንን የሰማች እናት ከራሷ ላይ የምታወርደው ሸክም ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

«ሕክምናን ስታበዛ እምነትን ታሳንሳለህ» የሚለኝ ቢኖር፣ ይህ ክርክር በአገራችን አንድ ጊዜ ተደርጎ ያለቀ መሆኑን አስታውሰዋለሁ። በኤች አይ ቪ ዘመን ጠበል የሚጠመቁ ሰዎች መድኃኒታቸውን ይጥሉ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናገሩ። ጠበሉ አልረከሰም፤ ሰዎች ግን ተረፉ። በመካንነት ላይ እንዲህ ያለ ቃል እስካሁን የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም። አንዳንዱ ሕክምና፣ በተለይ የሌላ ሰው ዘር ወይም እንቁላል የሚገባበት፣ ለክርስቲያን ኅሊና ከባድ ጥያቄ እንደሚያነሣ እቀበላለሁ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከማኅፀን ውጭ የሚደረግን ፅንስ በ1987 እ.ኤ.አ. በይፋ ተቃውማለች። ነገር ግን የደም ዓይነት ማወቅ፣ የወንድ ዘር መመርመር፣ ኢንፌክሽን ማከም የማንንም ቀኖና አይነካም፤ አብዛኛው ባልና ሚስት እዚህ ደረጃ እንኳ ሳይደርስ ነው ዕድሜው የሚያልፈው። ጅማ ደግሞ ባዶ አገር አይደለችም። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. የተቆረቆረው የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለ15 ሚሊዮን ያህል የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ የሚያገለግል ነው። ከዚያ የሚያልፈው ጉዳይ በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ወደተከፈተበት ወደ አዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይላካል። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጌራ ወይም ከጎማ የሚነሣ ገበሬ ለዚህ ጉዞ የሚነሣው ቡናው ተለቅሞ ገንዘብ እጁ ሲገባ ነው፤ አንድ ዓመት ቡናው ካልያዘ ጉዞውም ይቀራል። ለሕንጻ ማሠሪያ በአንድ ቀን ብዙ ብር የሚሰበስብ ምእመን ለሁለት ሰው የመኪና መሳፈሪያና ማደሪያ መሰብሰብ አያቅተውም። ያ ነው ድጋፍ፤ ባልየውን «አንተም ሂድ» ብሎ እጁን ይዞ መሸኘት ነው ድጋፍ።

ተስፋ ነጠቅኸን የሚለውም ቅሬታ ይገባኛል። ጸሎትን ተዉ አላልሁም። «ስጣቸው» ብሎ እግዚአብሔርን መለመንና «ይሰጥሻል» ብሎ ለሴቲቱ ቃል መግባት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ የመጀመሪያው ጸሎት ነው፣ ሁለተኛው በእግዚአብሔር ስም የተፈረመ የሰው ቃል ነው። ክርስቲያን ሊሰጠው የሚችለው ተስፋ «ወለድሽም አልወለድሽም በዚህ ቤት ሙሉ ሰው ነሽ፤ ትዳራችሁም ሙሉ ትዳር ነው» የሚለው ነው። ይህ በአፍ ብቻ አይነገርም። የባልየው ቤተሰብ ሌላ እንዲያገባ ወይም ከውጭ እንዲወልድ ሲገፋው፣ በሠርጉ ቀን «ወልዳችሁ ሳሙ» ያሉት ሽማግሌዎችና ካህናት በመካከል ገብተው «ይህ ትዳር በልጅ ላይ የቆመ አይደለም» ማለት አለባቸው። ዛሬ ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይሰወራሉ። ማሳደግ ለሚሹ ደግሞ ጅማ የቆመችበት የኦሮሞ ባህል ለአገሪቱ ሕግ ቃሉን ሳይቀር ያዋሰ ሥርዓት አለው፤ ጉዲፈቻ። በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ የቤቱ ልጅ ነው፣ ይወርሳል፣ ስም ያስጠራል። በአንዳንድ ክርስቲያን ዘንድ ግን «ካሳደጋችሁ የራሳችሁ ይመጣል» እየተባለ እንደ ማጥመጃ ይመከራል፤ ይህ ለልጁ ስድብ ነው። ልጅ የሚያሳድጉት ለራሱ ብለው ነው።

«የቤት ገመና አደባባይ አታውጡ» የሚሉኝ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ገመናውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ በየቡናው ላይ ሆዷ የሚለካ ሴት ገመና የላትም። ማንም ባልና ሚስት ቆሞ ይናገር አላልሁም። የምለው በጣም ትንሽ ነገር ነው። በእያንዳንዱ እድር መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ለማን ድንኳን እንደሚተከል፣ ለማን ስንት እንደሚሰጥ ተጽፏል፤ ሞቶ ለተወለደ ልጅና ፅንስ ለጨነገፈባት እናት የሚል መስመር ግን በአብዛኛው አይገኝም። በጅማም በአጋሮም በቦንጋም ያላችሁ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ይህን አንድ መስመር አስገቡ። ድንኳን መትከል ካልተቻለ ሁለት ሴቶች ለሰባት ቀን ቤቷ ይመደቡ፤ አባወራው ከሥራ ይቅር፣ ወንዶቹም እሱን ይጎብኙት፤ እሱም ልጅ ሞቶበታልና። የንስሐ አባቶች፣ መጋቢዎች፣ ሳይጠሯችሁ ሂዱ። ልጁ ስም ወጥቶለት ከነበረ በስሙ ጥሩት። ስለሚቀጥለው ልጅ አታንሡ። ገንፎውን አገንፍታችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ አራስ ናት።